ኸሊፋው ዑመር እና የሰው ቤት ደጃፍ

ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ከቤታቸው ሳይወጡ ሦስት ቀን ሆናቸው እንበል። ስልካቸው ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። በሩ ተቆልፏል፤ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ጎረቤት ይሰጋና ፖሊስ ይጠራል። ፖሊሱም መጥቶ ያንኳኳል፤ መልስ የለም። እንግዲህ ምን ያድርግ? በሩን ሰብሮ ቢገባና ሴትዮዋ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ቢሆንስ? ተመልሶ ቢሄድና ወድቀው ውሃ የሚያቀብላቸው አጥተው ቢሆንስ? አንዱ የሰውን ቤት ክብር መድፈር ነው፤ ሌላው የሰውን ነፍስ ችላ ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ሕዝባቸውን ሌሊት ሌሊት እየዞሩ ይጠብቁ የነበሩትን ሁለተኛውን ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ) ደጋግሞ ገጥሟቸዋል። የእኚህ ታላቅ ሰው ሕይወት ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በድልና በፍትሕ ነው። ሻም፣ ዒራቅ፣ ቁድስና ግብፅ በእርሳቸው ዘመን በኢስላም አስተዳደር ሥር መግባታቸው ይነገራል። ዛሬ ግን ሕይወታቸውን በሌላ በኩል፣ ማለትም በቆሙባቸው የሰው ደጃፎች በኩል እንመልከተው። የሰው ቤት መቼ ይገባል? መቼስ ከደጅ ይመለሷል? ለሚለው ጥያቄ ከዚህ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም።

በአንድ ቀን ሁለት በሮች

ዑመር የተወለዱት በመካ፣ ከቁረይሽ ነገድ፣ ከበኒ ዐዲይ ጎሳ ነው። በጉልበታቸውና በቁጣቸው የሚፈሩ፣ ማንበብና መጻፍም ከሚያውቁት ጥቂት የቁረይሽ ሰዎች አንዱ ነበሩ። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ጥሪ ሲጀመር ከጠላቶቹ ጋር ተሰለፉ። ሆኖም ልባቸው ፈጽሞ የደረቀ አልነበረም። ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ምድር ለመሰደድ በተነሱበት ወቅት ለይላ ቢንት አቢ ሐስማ (ረ.ዐ) ጓዟን ስትሸክፍ ዑመር ያገኟታል። የምትሰደደው እናንተ ስላስጨነቃችሁን ነው ብላ በግልጽ ብትነግራቸውም ቁጣ አልታየባቸውም፤ እንዲያውም አላህ አብሯት እንዲሆን ተመኙላት። እርሷም በነገሩ ተገርማ ለባለቤቷ አጫወተችው። ባለቤቷ ግን የኸጣብ አህያ ካልሰለመች ዑመር አይሰልምም ባይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያ ታሪካዊ ቀን መጣ። ኢብን ኢስሓቅ እንደተረኩት ዑመር ሰይፋቸውን ታጥቀው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለመግደል ሲሄዱ ኑዐይም ኢብን ዐብዲላህ መንገድ ላይ አገኟቸውና በቅድሚያ የራሳቸውን ቤተሰብ እንዲያዩ ነገሯቸው። እኅታቸው ፋጢማና ባለቤቷ ሰዒድ ኢብን ዘይድ ሰልመው ነበርና። ዑመር እየተቆጡ ወደ እኅታቸው ቤት ገሰገሱ። ከውስጥ ኸባብ ኢብኑል አረት ሱረቱ ጣሃን ሲያስቀሩ ድምፃቸው ይሰማል። ዑመር ገብተው አማቻቸውን መቱ፤ እኅታቸው ልትከላከልለት ስትነሳ እርሷንም መቷት፤ ፊቷ ደማ። ደሟን ሲያዩ ግን ደነገጡ፤ አፈሩም። ሲነበብ የነበረውን ጽሑፍ እንድትሰጣቸው ጠየቁ፤ እርሷም በቅድሚያ እንዲታጠቡ አዘዘቻቸው። ታጥበው አነበቡ፤ ልባቸው ተነካ።

ከዚያ ወጥተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሶሐቦቻቸው ጋር ወደሚገኙበት፣ ሶፋ አጠገብ ወዳለው የአርቀም ቤት አቀኑ። አሁንም ሰይፋቸው በወገባቸው ነው። ነገር ግን እንደ ጠዋቱ አልገቡም፤ በሩን አንኳኩ፤ ቆመው ጠበቁም። ሶሐቦች በበሩ ቀዳዳ አይተው ቢሰጉም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲገቡ ፈቀዱላቸው፤ ገብተውም ሰለሙ። እንግዲህ ዑመር በአንድ ቀን የአንዱን ቤት በቁጣ ገብተው ደም አፈሰሱበት፤ የሌላውን ቤት ግን በፈቃድ ገብተው ኢማን አገኙበት።

የሌሊቱ ጠባቂ

በ13ኛው ዓመተ ሒጅራ (በ634 እ.ኤ.አ) አቡበክር (ረ.ዐ) ሲያርፉ ዑመር ኸሊፋ ሆኑ። አሥር ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በቆየው አስተዳደራቸው ካስለመዷቸው ነገሮች አንዱ ሌሊት በመዲና እየዞሩ የሕዝቡን ሁኔታ ማየት ነበር። ዛሬ የፖሊስ ዘብ የምንለውን ሥራ ኸሊፋው ራሳቸው ይሠሩት ነበር ማለት ነው።

አንድ ሌሊት ከአገልጋያቸው ከአስለም ጋር ከከተማው ወጣ ብለው ሲሄዱ ከሩቅ እሳት አዩ። ሲቀርቡ አንዲት ሴት ድስት ጥዳ፣ ልጆቿ ዙሪያዋን ከበው ያለቅሳሉ። ዑመር ዘለው አልገቡባትም። ከራቁበት ሆነው ሰላምታ አቀረቡ፤ በዚያም ላይ የእሳት ሰዎች ብሎ መጥራት ክፉ ትርጉም እንዳይሰጥ የብርሃን ሰዎች ብለው ጠሯቸው። ከዚያም ለመቅረብ ፈቃድ ጠየቁ። እርሷም በደግ ከሆነ ቅረብ፣ ካልሆነ ተወን የሚል መልስ ሰጠች። ቀርበው ሲጠይቋት ልጆቹ የሚያለቅሱት ከረሃብ እንደሆነ፣ በድስቱ ውስጥ ያለውም እስኪያንቀላፉ ማታለያ የሚሆን ውሃ ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። ማን እንደሆኑ ሳታውቅም በዑመር ላይ ወደ አላህ ስሞታ አሰማች።

ዑመር ወደ መዲና ተመልሰው ከዱቄት ማከማቻው ዱቄትና ስብ ወሰዱ። አስለም ልሸከምልዎ ቢሏቸው በትንሣኤ ቀን ሸክሜን አንተ ልትሸከምልኝ ነውን በሚል ስሜት እምቢ ብለው በጀርባቸው ተሸከሙት። እሳቱን እፍ እያሉ፣ ጢሱ በጢማቸው መሐል እየወጣ፣ ምግቡን ራሳቸው አበሰሉ። ልጆቹ ጠግበው እስኪተኙ ድረስም አልተነሱም። ሴትዮዋ ምግቡን ያበሰለላት ማን እንደሆነ ያን ሌሊት አላወቀችም።

በሌላ ሌሊት ደግሞ መዲና ያረፉ ነጋዴዎችን ከዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ጋር ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። ወደ እናቲቱ ሄደው ልጁን እንድትንከባከብ መከሯት። ለቅሶው ግን ደጋግሞ ተሰማ፤ እርሳቸውም ተመላለሱ። በመጨረሻ ምክንያቱ ታወቀ። ዑመር የመንግሥት ድጎማ የሚቆርጡት ጡት ለተዋው ልጅ ብቻ ስለነበር እናቲቱ ድጎማውን ቶሎ ለማግኘት ስትል ልጁን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው ነው። ዑመር ልጅቷን አልቀጧትም፤ ጥፋቱን ያገኙት ራሳቸው ባወጡት ደንብ ውስጥ ነው። ያን ዕለት ሱብሒን ሲያሰግዱ ከለቅሶ የተነሳ ቅርኣታቸው ለሰዎች በቅጡ አልተሰማም። ወዲያውም ድጎማው በኢስላም ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሰጥ አወጁ።

ሦስተኛውም ታሪክ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ከመዲና ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ የምጥ ድምፅ ይሰማሉ። ባልየው እንግዳ ነው፤ ሚስቱን የሚያዋልድለት ሰው የለውም። ዑመር ወደ ቤታቸው ተመልሰው ባለቤታቸውን ኡሙ ኩልሱም ቢንት ዐሊን (ረ.ዐ) ከምግብና ለወላድ ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ይዘው መጡ። ወደ ድንኳኑ የገባችው እርሷ ናት። የዚያ ሁሉ አገር ገዥ የሆኑት ዑመር ከባልየው ጋር ደጅ ተቀምጠው ምግብ ያበስሉ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! ችግሩ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ግን ማን ይግባ የሚለውም በኸሊፋው ዘንድ ጉዳይ ነበር።

የታጠረው ግቢ

ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ሌሊት ደግሞ አለ። ሰነዱን በሚመለከት የሐዲስ ሊቃውንት የሚነጋገሩበት ቢሆንም ኢማም አል-ገዛሊን የመሳሰሉ ዐሊሞች በመጻሕፍታቸው አስፍረውታል። ዑመር ሲዞሩ ከአንድ ቤት የዘፈን ድምፅ ሰሙና አጥሩን ዘለው ገቡ። ሰውየውን ከሴትና ከመጠጥ ጋር አገኙት፤ ገሠጹትም። ሰውየው ግን አልተደናገጠም። እርሱ አላህን ያመፀው በአንድ ነገር እንደሆነ፣ ኸሊፋው ግን በሦስት እንዳጠፉ ቆጠረላቸው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ነውር ከመከታተል ከልክሏል፤ እርሳቸው ተከታተሉ። በሱረቱል በቀራ ቤቶችን በደጃፋቸው እንድንገባ አዟል፤ እርሳቸው በአጥር ገቡ። በሱረቱን ኑር ፈቃድ ሳንጠይቅና ሳንሳለም የሰው ቤት እንዳንገባ ደንግጓል፤ እርሳቸው ሁለቱንም ተዉ። ዑመር እውነቱን ተቀበሉ። ሰውየው ወደ ደጉ እንዲመለስ ቃል አስገብተው፣ ምንም ሳይቀጡት ወጡ።

በሌላም ጊዜ ከዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ጋር ሆነው መብራት የሚታይበትና ጫጫታ የሚሰማበት ቤት አጠገብ ደረሱ። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ሰዎቹም መጠጥ ላይ መሆናቸውን ዑመር ተናገሩ፤ የጓደኛቸውንም ሐሳብ ጠየቁ። ዐብዱረሕማን ግን እዚህ ቆመን ማዳመጣችን ራሱ አላህ የከለከለው ስለላ ነው አሉ። ዑመርም ትተው ሄዱ።

ታዲያ በእነዚህና በፊተኞቹ ሌሊቶች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሰውየው ያው ዑመር ናቸው፤ ጨለማውም፣ ከቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅም ያው ነው። የተለየው የድምፁ ዓይነት ነው። ለቅሶ፣ ምጥና ረሃብ እርዳታ ይጠራሉ። ዘፈን ግን ማንንም አልጠራም። ዑመር በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሄዱት ሊረዱ ነበር፤ በአጥሩ ሌሊት የሄዱት ጥፋት ሊያገኙ ነበር። ሊረዱ በሄዱበት ጊዜ ደግሞ ፈቃድ ጠየቁ፤ ጥፋት ፍለጋ በሄዱበት ጊዜ ግን አጥር ዘለሉ።

በገዥው በርና በተገዥው በር መካከል

ዑመር በራሳቸውም ደጃፍ ትምህርት አግኝተዋል። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) መጥተው ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠየቁ፤ ዑመር ሥራ ላይ ስለነበሩ መልስ አልሰጡም። አቡ ሙሳ ተመልሰው ሄዱ። ለምን እንደሄዱ ሲጠየቁ ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ ያልተፈቀደለት ሰው እንዲመለስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ተናገሩ። ዑመርም ምስክር ጠየቁ፤ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) መሰከሩ። ኸሊፋው ይህን ትምህርት ያጡት በገበያ ንግድ ተጠምደው በነበረበት ጊዜ መሆኑን አምነው ተቀበሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ የኩፋው አስተዳዳሪ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ለቤተ መንግሥታቸው ሕዝቡን የሚያግድ በር ማሠራታቸውን በሰሙ ጊዜ ሙሐመድ ኢብን መስለማን ልከው በሩን እንዳቃጠሉት ይዘገባል። እንግዲህ ይህን ሚዛን ተመልከቱ። የሹሙ በር ለአቤቱታ ክፍት መሆን አለበት፤ የተራው ሰው በር ግን የባለቤቱ ነው። በብዙ አገር የሚታየው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ የቢሮው በር ለድሃ ይዘጋል፣ የድሃው በር ግን በእርግጫ ይከፈታል።

ከዚህ ሕይወት የምንወስደው

አንዳንዱ ያ ዘመን ሌላ፣ ይህ ዘመን ሌላ ይል ይሆናል። ነገር ግን ኋላ የመጡት ዐሊሞች ይህንኑ ሚዛን ሕግ አድርገው ቀርፀውታል። በ450 ዓመተ ሒጅራ (በ1058 እ.ኤ.አ) ያረፉት ቃዲ አል-ማወርዲ አል-አሕካሙስ ሱልጣኒያ በተባለው መጽሐፋቸው የገበያና የሥርዓት ተቆጣጣሪ የሆነው ሙሕተሲብ የተሸሸገ ነውር እንዳይከታተል ይከለክላሉ። የሚከለከል የጨዋታ ድምፅ ከቤት ቢሰማ እንኳ ከውጭ ሆኖ ይገሥጽ እንጂ ዘሎ አይግባ ይላሉ። ይሁን እንጂ እውነተኛነቱ የታመነ ሰው፣ አንዱ ሌላውን ሊገድል ለብቻው ይዞት ገብቷል ብሎ ከነገረው፣ ካለፈ በኋላ የማይመለስ ጥፋት ነውና መግባት ይችላል። መለኪያው ሁለት ነው፤ ወሬው የታመነ መሆኑና ጥፋቱ የማይመለስ መሆኑ።

የዘመናችን ፍርድ ቤቶችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት አሜሪካ ጎረቤት ወይም ዘመድ ሲሰጋ ፖሊስ ሄዶ የሰውየውን ደህንነት እንዲያይ መጥራት የተለመደ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 በሰጠው ውሳኔ፣ ፖሊስ በቤት ውስጥ ያለ ሰው ክፉኛ መጎዳቱን ወይም ሊጎዳ መሆኑን የሚያሳምን ተጨባጭ ምክንያት ካለው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሊገባ እንደሚችል ፈርዷል። በ2021 ደግሞ ፖሊስ ኅብረተሰቡን የመንከባከብ ሥራ ስላለው ብቻ የሰው ቤት መግቢያ ፈቃድ አለው ማለት እንዳልሆነ በአንድ ድምፅ ወስኗል። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንም ሰው ቤቱ ከመበርበር እንዲጠበቅ መብት ሰጥቷል፤ ይህ መብት የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በሕግ መሠረት ብቻ መሆኑን ደንግጓል።

አሁን ወደነዚያ እናት ደጃፍ እንመለስ። የአቡ ሙሳን ሐዲስ ይዘን ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ይመለስ እንበልን? አቡ ሙሳ በመጡ ጊዜ በውስጥ ያሉት መልስ መስጠት የሚችሉ ጤነኛ ሰው ነበሩ። መመለስ የሚችል ሰው ዝም ሲል አትግባ ማለቱ ነው። መመለስ ያልቻለ ሰው ዝምታ ግን ራሱ ጥሪ ነው። ሁለቱን የሚለየው ምልክት ነው። እናቲቱ በሽተኛ ናቸውን? መድኃኒት የሚወስዱ ናቸውን? ያለ ወትሯቸው ነው የጠፉት? ሲቃ ይሰማል? ጭስ ወይም ደም ይታያል? ልጃቸው ተጠይቆ የት እንዳሉ አላወቀምን?

ምልክት ከሌለ ፖሊሱ ያንኳኳ፤ ማንነቱንና የመጣበትን ምክንያት ከፍ ባለ ድምፅ ይናገር፤ ይጠብቅ፤ ዘመድ ይጠይቅ፤ ቁልፍ ያፈላልግ። ምልክቱ ከታየ ግን ማዘዣ ልፈልግ ብሎ ነፍስ እስክትወጣ መቆም ጥንቃቄ አይባልም፤ ይግባ። ሲገባም ዑመር ባለቤታቸውን ወደ ድንኳኑ እንዳስገቡት የሴት ቤት ከሆነ ሴት ፖሊስ ወይም ጎረቤት ሴት ይዞ ይግባ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩት ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ዓይን የማይገባውን እንዳያይ ነው። ስለዚህ ለማዳን የገባ ሰው ዓይኑ በወደቀው ሰው ላይ ይሁን እንጂ መሳቢያ አይክፈት፣ ሻንጣ አይፈትሽ። ያየውን ጓዳ ወጥቶ ቡና ላይ አያውራ። ደህንነት ላይ ነኝ እያለ ጥፋት የሚፈልግ ሰው በአጥር የገባ ሰው ነው። ከዚህም የከፋው ሕዝቡ አንድ ጊዜ ከተታለለ ሁለተኛ ጎረቤቱ ሲወድቅ ፖሊስ አይጠራም፤ በዚህም ነፍስ ትጠፋለች።

የመጨረሻው ደጃፍ

በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ መጨረሻ (በ644 እ.ኤ.አ) ዑመር የሱብሒን ሰላት እያሰገዱ ሳለ አቡ ሉእሉዓ በስለት ወጋቸው። ቁስሉ እንደማይድን ሲያውቁ ቀጣዩን ኸሊፋ ከመካከላቸው እንዲመርጡ ስድስት ሶሐቦችን ሰየሙ። ከዚያም ልጃቸውን ዐብዱላህን ወደ ሙእሚኖች እናት ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላኩ። ጉዳዩ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና ከአቡበክር ጎን መቀበር ነው። ቦታው ግን የእናታችን የዓኢሻ ቤት ነው። ዑመር ልጃቸውን የአማኞች መሪ የሚለውን ማዕረግ እንዳይጠራ፣ ስማቸውን ብቻ እንዲናገር አዘዙት። ዓኢሻ ቦታውን ለራሳቸው ይመኙት እንደነበር፣ ግን ለዑመር እንደለቀቁላቸው ተናገሩ።

ዑመር በመልሱ እጅግ ተደሰቱ፤ ነገር ግን በዚህ አላበቁም። ሲሞቱ አስከሬናቸውን ተሸክመው እዚያው ደጃፍ ላይ እንዲያቆሙት፣ ሰላምታ ሰጥተው እንደገና ፈቃድ እንዲጠይቁላቸው፣ ከተፈቀደ እንዲያስገቧቸው፣ ካልተፈቀደ ግን ወደ ሙስሊሞች የጋራ መቃብር እንዲወስዷቸው ተናዘዙ። በሕይወት ሳሉ የተሰጣቸው ፈቃድ ለሥልጣናቸው ሲባል የተሰጠ እንዳይሆን ፈሩ። እንደተናዘዙትም ተደረገ፤ ዓኢሻም ፈቀዱ፤ በፈቃድ ገቡ።

ከፋርስ እስከ ግብፅ ያስተዳደሩት ሰው አስከሬናቸው እንኳ ሰው ቤት ያለ ፈቃድ እንዳይገባ ተጨነቁ። ዛሬ ዩኒፎርም የለበሰ፣ መታወቂያ የያዘ፣ ወይም ጎረቤት ነኝ ብሎ የሚንደረደር ሁሉ ደጃፍ ላይ ሲቆም ይህን ያስታውስ። አላህ (ሱ.ወ) የተቸገረን ለመርዳት የምንፈጥን፣ የሰውን ነውር ለማየት ግን የምንዘገይ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።